የጊዜ ተኩል በረንዳ

ጊዜ ተኩል አብዳለች ተባለ።

ወሬውን ያስነሳው የሕንፃው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ካየው ይልቅ ያሰበውን ማውራት የሚወድ ሰው ስለሆነ ቃሉን የሚቀበለው ብዙም የለም፤ በዚህኛው ግን ሕንፃው በሙሉ ምስክር ቆመለት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ትወጣና እርጥብ አንሶላ እያሰጣች «ሰባት… ሁለት… ዘጠኝ… አራት…» ትላለች። ለማን? ለአንሶላው። ስልክ አልያዘች፣ ጆሮዋ ላይ ምንም አልሰካች። ደግሞ እንደ ሰው ተናድዳ ወይ ስቃ ብትለው አንድ ነገር ነው፤ ድምጿ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው፣ ጠብ… ጠብ… ጠብ። ቁጥሩ ሲያልቅ ደግሞ «አንዲት ሴት ሦስት ዶሮ ይዛ አውቶቡስ ውስጥ ገባች» ብላ ለትራስ ልብሱ ተረት ትጀምርለታለች።

አንዷ፣ ባሏ ጥሏት ሲሄድ የወሰደባትን ዕቃ ነው የምትቆጥረው አለች። አግብታ አታውቅም። ሌላው፣ የምስጢር መልእክት ነው፣ ከማዶ ሕንፃ ላይ የሚቀበላት አለ አለ። አራተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛ ሹፌር የሎተሪ ዕጣ ነው ብሎ በቁጥሩ ትኬት ፈልጎ ገዛ፤ ሳይወጣለት ሲቀር «እብድ መሆኗን ያወቅኩት ያን ቀን ነው» አለ።

እውነቱን ለመናገር አላበደችም። እንጀራዋ ነው።

ሴትየዋ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የሥነ ልቦና መርማሪ ናት። ፈተና ላይ ሰዓት አልበቃን የሚሉ ተማሪዎች ወደ እሷ ይላካሉ፤ እሷም ችግሩ ስንፍና ይሁን ሌላ ነገር አጣርታ ትጽፋለች። ወረቀቷ ካሳመነ ኮሚቴው ለተማሪው «ጊዜ ተኩል» ይፈቅዳል፦ ሌላው በሁለት ሰዓት የሚሠራውን እሱ በሦስት ሰዓት፣ ለብቻው ክፍል ውስጥ፣ ሳይዋከብ ይሠራዋል። ሰፈሩ ስሟን ትቶ ጊዜ ተኩል የሚላት ለዚህ ነው። ከአረማመዷ ጋርም ይሄዳል፤ እሷ አንድ ፎቅ እስክትወጣ ሌላው ወጥቶ፣ የረሳውን አስታውሶ፣ ተመልሶ ወርዶ በመንገዱ ሰላም ይላታል።

ቢሮዋ በፎቶኮፒ ክፍሉና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ድምፅ እንዳይሰጥ ፕላስተር የተለጠፈበት ሰዓት መያዣ፣ በሩ ላይ «ፈተና ላይ ነን፣ አታንኳኩ» የሚል ወረቀት። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ያንኳኳና «ፈተና ላይ ናችሁ?» ይላል። ከጠረጴዛው ሥር የፈተናው ሳጥን አለ። ሳጥኑ ምስጢር ነው፤ ተማሪ አስቀድሞ ካየው ዋጋ የለውም። ቁልፉን አንገቷ ላይ ታስራዋለች። አንድ ቀን ጽዳት ሠራተኛዋ አቧራውን ልጥረግለት ብላ ሳጥኑን ብትነካው ጊዜ ተኩል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥና ተነሳች ይባላል።

ሥራው ሁለት ከባድ ሕግ አለው። አንደኛው የድምፅ ነው። ቁጥሮቹ ለተማሪው በሰከንድ አንድ ይነበባሉ፣ እሱ ይደግማቸዋል። ድምፅ መውጣት መውረድ የለበትም፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ማለቁ እንዲታወቅ። ያሠለጠኗት ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን «አንቺ ልጅ፣ አታነቢም እኮ፤ ታዜሚያለሽ» ብለዋት ነበር። ያ ነገር ልቧ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ትለማመዳለች፦ አንድ ልብስ መቆንጠጫ፣ አንድ ቁጥር፤ አንድ መቆንጠጫ፣ አንድ ቁጥር። አንሶላ ስታሰጣ ከሰዓት መያዣው አትበልጥም አታንስም።

ሁለተኛው የፊት ነው። ተማሪው ይመልስ ይሳት ፊቷ ግድግዳ መሆን አለበት። «ጎበዝ» ማለት ክልክል፣ «ተሳስተሃል» ማለት ክልክል፤ የሚፈቀደው «በደንብ እየሞከርሽ ነው፣ እንቀጥል» ብቻ ነው። ይህ ደግሞ እንደ ጉንፋን ከቢሮ ቤት ድረስ ተከተላት። ታናሽ እህቷ በሠርጓ ጠዋት ለባብሳ ወጥታ «እንዴት ነኝ?» ብትላት፣ ዓይኗን ሳትነቅል «በደንብ እየሞከርሽ ነው፣ እንቀጥል» አለቻት። እህትየው ሁለት ወር አኮረፈች።

እንግዲህ ሳጥኑን በአንገቷ ቁልፍ የምትጠብቅ ሴት፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ስትዘረዝረው አንድም ቀን አልታወቃትም። ቁጥር ማን ይሰማል? ብላለች ለራሷ። ሕንፃው ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲነጠስ አራተኛ ፎቅ «ይማርህ» የሚባልበት ሕንፃ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ኮሌጁ የአንዲት የፋርማሲ ተማሪ ፋይል ላከላት። ሁለተኛ ዓመት፤ ዋናውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ነገሩ ግን ግራ ያጋባል፦ ከስልሳው ጥያቄ አርባውን ትሠራለች፣ አርባውም ልክ ነው፤ ሃያው ባዶ፤ ማለፊያው ደግሞ አርባ አምስት ነው። ቀጣዩ ፈተና የሚመጣው ሳምንት ሰኞ ነው፣ ከወደቀች ትሰናበታለች። ኮሚቴው ደግሞ የሚቀመጠው ሐሙስ ነው። የጊዜ ተኩል ሪፖርት እስከ ረቡዕ ቀትር ካልገባ ልጅቷ ያው ሃያ ጥያቄ እየቀራት ወደ ቤቷ ናት።

ልጅቷ እናቷን አስከትላ መጣች።

«እህቴ፣ አላወቅሽኝም?» አለች እናትየው። «ከሥርሽ ነኝ እኮ። ሁለተኛ ፎቅ። ልብስ ሰፊዋ።»

«የስፌት መኪናው?»

«አዎ፣ እሱ እኔ ነኝ።»

ስድስት ዓመት በመኪናዋ ድምፅ ብቻ ሲተዋወቁ ኖረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት መተያየታቸው ነበር። ጊዜ ተኩል እናትየውን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠቻት። ልብስ ሰፊዋ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ በቀዳዳው «ልጄ፣ እንዳታሳፍሪኝ!» አለች።

ፈተናው ተጀመረ። ሦስት ቁጥር፤ ልጅቷ ደገመችው። አምስት፤ ደገመችው። ሰባት፤ ደገመችው። ዘጠኝ ሲደርስ ጊዜ ተኩል ጫማዋ ውስጥ ጣቶቿ ተኮማተሩ፤ ፊቷ ግን ግድግዳ ነው። ከኋላ ወደ ፊት ንገሪኝ አለቻት። ልጅቷ ስምንቱን ቁጥር እንደ ራሷ ስልክ ቁጥር ከኋላ አወረደችው።

«በደንብ እየሞከርሽ ነው፣ እንቀጥል» አለች ጊዜ ተኩል፤ በልቧ ግን፣ ይህች ልጅ እኔን ልትመረምረኝ ነው እንዴ የመጣችው? እያለች ነበር።

ያኔ ነው እጇን ያየችው። ልጅቷ ቁጥር በጠራች ቁጥር አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አየሩን ቆንጠጥ ያደርጉታል። ሰባት፣ ቆንጠጥ። ሁለት፣ ቆንጠጥ። የመጨረሻው ላይ ድምጿን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። ጊዜ ተኩል መስታወት ፊት የተቀመጠች መሰላት። ወደ ታሪኩ አለፈች።

«አሁን አጭር ታሪክ አነብልሻለሁ፣ በደንብ አዳምጪ። አንዲት ሴት ሦስት ዶሮ ይዛ…»

«…አውቶቡስ ውስጥ ገባች» አለች ልጅቷ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ጊዜ ተኩል ሰዓት መያዣውን አቆመችው።

«ይህን የት ሰማሽው?»

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚነግሩን? ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«እናንተ ማለት እነማን ናችሁ?»

«ሕንፃው ነዋ። ሕፃናቱ እኮ ገመድ የሚዘሉት በእርስዎ ቁጥር ነው። ገመዱን ሳይነካ ዘጠኟ ላይ የደረሰ አሸናፊ ይባላል።»

«ዶሮዋስ?»

«ዶሮዋን እናቴ ናት ያስጠናችኝ። ኮሌጅ የሚጠይቁሽ ይኸንኑ ነው፣ ላይኛዋ ሴት በረንዳ ላይ የምታጠናው ለዚህ ነው አለችኝ። እሷ እየሰፋች እኔ እየደገምኩ… ሁለተኛዋ ዶሮ ሹፌሩ እግር ሥር ትገኛለች፣ ሦስተኛዋ እንቁላል ትጥላለች። ጨርሼ ልበለው?»

«ተይው።»

በሩ ተከፈተ፣ ልብስ ሰፊዋ ተጠራች።

«እትዬ፣ ልጅዎን ለምን አስጠኗት?»

«ፈተና አይደለም እንዴ? ፈተና ላለበት ልጅ ምን ይደረጋል፣ ይተኛል?»

«ይህ የሚታለፍና የሚወደቅበት ፈተና አይደለም። ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው ስለበለጠች ሳይሆን የከበዳት ነገር ስላለ ነው። የከበዳትን ካላየሁ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን አጠበበች። «ቆይ፣ ቆይ። እንግዲያው ለሰነፍ ሽልማት ትሰጣላችሁ ማለት ነው?»

«ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ! ታዲያ ምኗ ነው የከበዳት?»

«እሱን ነው የማላውቀው። እርስዎ ደበቁብኝ።»

«እኔ ደበቅሁ?» ልብስ ሰፊዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ከሦስተኛ ፎቅ እየጮኸች የምትነግረን እሷ፣ የደበቅኩት እኔ! እህቴ፣ አንቺ ያሰጣሽውን ነው የሰበሰብኩት።»

ጊዜ ተኩል ሳጥኑን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ መለሰች።

የዚያን ቀን ጊዜ ተኩል ብቻዋን ተቀምጣ ነገሩን አገላበጠችው። ቁጥሮቹን እንዳሉ ብትጽፋቸው ልጅቷ አለቀላት፤ ምክንያቱም የኮሚቴው ሰብሳቢ ሪፖርት ሲቀርብለት ከሁሉ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ጣቱን አስቀምጦበት «ይህስ?» የሚል ሰው ነው። ያንን ክፍል ዝም ብላ ብታልፈው ሪፖርቱ ጎደሎ ይሆናል። ቁጥር ፈጥራ ብትሞላውስ? ማን ያውቅብኛል? አለች። ወዲያው ለራሷ መለሰች፦ ሕንፃው።

ማክሰኞ ሌላ ኮሌጅ ውስጥ ወዳለ የሥራ ባልደረባዋ ሄደች፤ ፂም ያለው፣ ሳቅ የሚቀናው ሰውዬ ነው። እሱ ጋ የፈተናው ሁለተኛ ቅጂ አለ፤ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ታሪክ። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ገመድ ዝላዩ ጋ ስትደርስ ባለ ፂሙ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ፤ አየር አጥሮት ነው።

«እሰጥሻለሁ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ግን የመጀመሪያው ለምን እንደተበላሸ ሪፖርቱ ላይ ትጽፊዋለሽ። ሕጉ ነው።»

«እጽፋለሁ።»

«በረንዳውንም?»

«በረንዳውንም።»

አዲሱን ቅጂ የት ትለማመደው? ቤት አይሆንም። ፎቶኮፒ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ማሽኑ እየጮኸ፣ ባዶ ወረቀት እያባዛች፣ በየወረቀቱ አንድ ቁጥር አነበበች። የፎቶኮፒው ሠራተኛ ሁለት መቶ ባዶ ወረቀት ሲያይ «ምንም አይታይም እኮ» አላት። «ደህና ነው፣ እንደሱ ነው የምፈልገው» አለችው። እሱም በበኩሉ ለሰው አወራ።

ረቡዕ ማለዳ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። አሁን ቁጥሮቹ አዲስ ናቸው። አምስት ላይ ተደናቀፈች። ከኋላ ወደ ፊት ሲሆን አራት ላይ ቆመች። ታሪኩ ስለ አንድ ጃንጥላ የጠፋበት ፖስተኛ ነበር፤ ግማሹን ነገረቻት። ከዚያ ጊዜ ተኩል አንድ ገጽ ንባብ ሰጠቻትና ሰዓት መያዣውን ተጫነች። ሌላ ተማሪ በአንድ ደቂቃ የሚያነበው ገጽ ነው። ልጅቷ ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ፣ መስመር እየተመለሰች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አራት ደቂቃ ከምናምን ፈጀባት። ስለ ገጹ ዐሥር ጥያቄ ስትጠየቅ ግን ዐሥሩንም መለሰች፤ አንዱን እንዲያውም ጥያቄው ልክ አይደለም ብላ አስተካከለችው።

«ትምህርት ቤት ሳለሽ ስለ ንባብሽ ምን ይሉሽ ነበር?»

«ቀልጠፍ በይ ይሉኛል። እናቴም ሁሌ ዓይንሽን ክፈቺ ትለኛለች። ዓይኔ ክፍት ነው እትዬ። እኔ ነኝ ቃሉ ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ የምቆየው። አንዴ ከያዝኩት ግን አልለቀውም።» ገጹን መልሳ ሰጠቻትና ጠየቀች፦ «ወደቅኩ አይደል?»

ጊዜ ተኩል በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያን ቀን ተማሪ ሲሳሳት ደስ ብሏት አያውቅም። ብድግ ብላ ብታቅፋት ወድዳ ነበር። «በደንብ እየሞከርሽ ነው» አለች፤ ድምጿ ግን መጨረሻው ላይ ዝቅ በማለት ፈንታ ከፍ አለባት። ቸኩላ ሰዓት መያዣውን አየች።

ሪፖርቱ ቀትር ሳይሞላ ገባ። ቀትር ካለፈ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከተፍ አለች። «ሰኞ ዘጠኝ ቁጥር የምታውቅ ልጅ ረቡዕ አምስት ላይ ቆመች አሉኝ። ምን አድርገሽብኝ ነው?»

«እትዬ፣ ነገ ይጠብቁ።»

«ነገን መጠበቅም ጊዜ ተኩል ነው?»

ሐሙስ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ አነበበ። «‘የመጀመሪያው ፈተና በመርማሪዋ በረንዳ ምክንያት ተበላሽቷል’ ይላል። በረንዳ ምንድን ነው? የፈተና ዓይነት ነው?»

«አይደለም። በረንዳ ነው።»

«የቤት በረንዳ?»

«ልብስ የማሰጣበት።»

አንዱ አባል ሳል ያዘው። ሌላዋ ብዕሯ ወደቀና ለማንሳት ጠረጴዛ ሥር ገብታ እዚያው ቆየች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ይታያል። ጊዜ ተኩል ከቅዳሜው አንሶላ እስከ ገመድ ዝላዩ ድረስ አንድ ባንድ፣ በሰከንድ አንድ ቃል፣ ፊቷ እንደ ግድግዳ ሆኖ ነገረቻቸው። ጆሮዋ ብቻ ቀልቷል።

ሰብሳቢው እንደ ልማዱ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ጣቱን አሳረፈበት። «ይህስ? ከዐሥር ዐሥር! ያነበበችው ሁሉ ገብቷታል ይላል። ከእኔ ትሻላለች እኮ። ሰዓቱ ለምኗ ነው?»

«ሁሉም ይገባታል» አለች ጊዜ ተኩል። «የሚገባት ግን ሌሎቹ ወረቀታቸውን አስረክበው ከወጡ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ የጣላችኋት በማታውቀው አይደለም፤ ባላነበበችው ነው። አርባ ሠርታ አርባውንም ያገኘችን ልጅ የቀረውን ሃያ አንዴ አስነብቧት።»

ሰብሳቢው ጣቱን ከቁጥሩ ላይ አነሳ። ለልጅቷ ጊዜ ተኩል ተፈቀደ። ለጊዜ ተኩል ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፦ የፈተና ጥያቄ በአደባባይ፣ በበረንዳም ሆነ በመሰል ስፍራ እንዳትለማመድ። አሮጌው ቅጂ ተሰርዞ በምትኩ ሌላ አዲስ ሳጥን ተሰጣት።

ሰኞ ልጅቷ ለብቻዋ ክፍል ውስጥ ተፈተነች። ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ ውጭ ካለው ግንብ አጠገብ ቆማ ሦስቱንም ሰዓት ጠበቀች። ልጅቷ ስልሳኛው ላይ ደርሳ አራት ደቂቃ ሲቀራት እጇን አውጥታ ልትነሳ ስትል እናትየው ከውጭ በሁለት እጇ «ቁጭ በይ! ቁጭ በይ!» አለቻት፤ የታገሉለት ነገር ተርፎ እንዳይቀር። ልጅቷ አራቱን ደቂቃ ጣሪያውን እያየች ጨረሰች። ውጤቱ ሲመጣ ከአንደኞቹ አልነበረችም፤ ግን አልፋለች፤ ሦስተኛ ዓመት ገባች።

ሕንፃው ይህን ሲሰማ የድሮውን ወሬ ጥሎ አዲስ አነሳ። ዘበኛው «እብድ አይደለችም፣ እኔ ድሮም አላልኩም» ማለት ጀመረ። «የኮሌጁን መልስ ነው ከበረንዳ የምትነግረን፤ የሰማ አለፈ፣ ያልሰማ ቀረ።» ጡረተኛው ሹፌር ለመንጃ ፈቃድ እድሳት የዓይን ምርመራ ላይ ጊዜ ተኩል እንድታጽፍለት ጠየቃት። አንዷ ጎረቤት ለባሏ ጠየቀች፤ ባልየው ምን ላይ ሰዓት እንዳጠረው ግን ልትናገር አልፈለገችም።

ቅዳሜ ደረሰ። በየበረንዳው ሰው ወንበር አወጣ። ሁለት እናቶች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘዋል። ታች ሕፃናቱ ገመዱን ዘርግተው፣ ሁለቱ ጫፉን ይዘው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። ጊዜ ተኩል እርጥብ አንሶላዋን ይዛ ወጣች። አንድ መቆንጠጫ። ሁለት መቆንጠጫ። ሦስት። አፏ ዝግ ነው። ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሞ ቀረ። አንዱ ሕፃን «ዛሬ ተበላሽታለች» አለ።

ባዶ ሳፋዋን ይዛ ወደ ደረጃው ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ፣ ዘበኛው፣ ሹፌሩና የቀሩት እዚያው ተደርድረው ጠበቋት።

«እህቴ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሰው ሁሉ ተጨነቀ። አመመሽ እንዴ? ያቺ ልጄ እንኳ ከላይ ድምፅ ካልሰማሁ ጥናቴ አይገባኝም ትላለች።»

«ደህና ነኝ፤ አላመመኝም። አዲስ ሳጥን ተሰጥቶኛል። እስከ ሰኞ ላጠናው ነው፤ ሰኞ ተማሪ አለኝ።»

«ታዲያ አጥኚዋ! ማን ከለከለሽ?»

ጊዜ ተኩል ሳፋውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ከላይ እስከ ታች፣ ከዘበኛው እስከ አራተኛ ፎቁ ሹፌር፣ በመቆንጠጫዋ ፍጥነት አንድ ባንድ አየቻቸው።

«እስቲ ስድስት ዓመት የሰማችሁኝ እናንተ ንገሩኝ» አለች። «በዚህ ሕንፃ ውስጥ ድምፄ የማይሰማበት ቦታ የቱ ጋ ነው?»